አፍ በግራም አይቆጥርም፦ የጥርስ ወርቅ ቅይጦችና የተረሳው የታማን ግማሽ

በ1984 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለክራውን (የጥርስ ቆብ) እና ለሙሌት የሚፈስሱትን ቅይጦች በሦስት መደብ ከፈላቸው። ከክብደቱ ቢያንስ 60 በመቶው «ክቡር» ብረት ሆኖ ወርቁ ብቻውን ከ40 በመቶ ካላነሰ ቅይጡ «ከፍተኛ ክቡር» ይባላል። ክቡር ብረቱ ከ25 በመቶ ካላነሰ «ክቡር» ነው። ከዚያ በታች ያለው «በአብዛኛው ተራ» ተብሎ ይታለፋል። ክቡር የተባሉት ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና የቀሩት የፕላቲነም ዘመዶች ናቸው። ብር በአንጥረኛ ቤት የቱንም ያህል ቢከበር አፍ ውስጥ ስለሚጠቁር ከማዕረጉ ወርዷል። በ2003 ቲታኒየም የራሱን መደብ ሲያገኝም የክብደቱን መለኪያ የነካው አልነበረም።

የዚህ መጣጥፍ ክርክር አጭር ነው፤ አከፋፈሉ የሚለካው መለካት የሌለበትን ነገር ነው። ማኅበሩ ክብደት ይመዝናል፣ ምራቅ ግን ሚዛን የለውም። ከክራውኑ ፊት ላይ የሚያገኘው አቶም ነው፤ የሚጋፈጠውም በአቶም ቁጥር ነው። ይህን ከ1984ቱ አከፋፈል 65 ዓመት ቀድሞ የጻፈ ሰው ነበር። ዛሬ በጥርስ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የሰውዬው ስም ሳይነሣ፣ ያገኘው ቁጥር ብቻ «ከልምድ እንደሚታወቀው» በሚል ሐረግ ታዝሎ ያልፋል።

የጥርስ ወርቅን ታሪክ የተረኩት ብዙዎች ስለሆኑ እዚህ በአጭሩ ብቻ እነካዋለሁ። የጥንቷ ሮም የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ወርቅ ከሬሳ ጋር እንዳይቀበር ሲከለክል፣ ጥርሱ በወርቅ የታሰረን ሰው ከነወርቁ መቅበር ግን ጥፋት እንዳልነበረ ሲሴሮ መዝግቦልናል። የኤትሩስካውያን የወርቅ ማሰሪያዎች በየቤተ መዘክሩ ይታያሉ። ማርከስ ቡል በ1812 በኮኔቲከቷ ሃርትፎርድ ንጹሕ ወርቅ በስሱ ቀጥቅጦ ለጥርስ ሐኪሞች ማቅረብ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የሚቀጠቅጡት የሳንቲም ወርቅ ነበር። ሮበርት አርተር ደግሞ በ1855 ንጹሕ የወርቅ ቅጠል እሳት ካየ በኋላ በጭነት ብቻ እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ አስታወቀ። እስከዚህ ድረስ የሙሌት ወርቅ በእርግጥም ወርቅ ነበር። በመዶሻ እየተጠቀጠቀ ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ ብረት ልስላሴው ጸጋ እንጂ ጉድለት አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በማፍሰስ ነው። የቺካጎው ዊልያም ታጋርት በጥር 1907 ኒውዮርክ ላይ ከሰም ቅርጽ ወርቅ የማፍሰስ ዘዴውን ከነመሣሪያው አቀረበ። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ሊቃውንቱ ሰምና ወርቅ ሲሉ ምሳሌውን የተዋሱት ከአንጥረኛው ነው፤ በጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ግን ሐረጉ ከነቃሉ የሥራ መመሪያ ነው። ሰሙ በጉድጓዱ ልክ ይቀረጻል፣ በጀሶ መሰል ሊጥ ይለበጣል፣ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በባዶ ቦታው ይገባል። የአዮዋው ፊልብሩክ ይህንኑ በ1890ዎቹ ጽፎት ነበርና የቅድሚያ ክብሩ የማን ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ። እኔን የሚመለከተኝ ከዚያ በኋላ ክራውኑ ውስጥ የገባው መዳብ ነው።

ንጹሕ ወርቅ ሲፈስ እጅግ ለስላሳ ነው፤ በቪከርስ መለኪያ ጥንካሬው 25 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ክራውን ቆሎ አያስቆረጥምም። ስለዚህ ቅይጦቹ እንደ ጥንካሬያቸው በአራት ዓይነት ተደለደሉ። የመጀመሪያው ለትንሽ ሙሌት የሚሆን ለስላሳ ሲሆን፣ ሦስተኛው ለክራውን ከ120 እስከ 150 ጥንካሬ ይዞ፣ አራተኛው ደግሞ ከ150 በላይ ሆኖ ለተነቃይ ጥርስ መዋቅር ያገለግላል። ጥንካሬውን በዋነኛነት የሚሰጠው መዳብ ነው። ኩርናኮቭና ሁለት ባልደረቦቹ በ1916 የወርቅና የመዳብ ቅይጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚደርስበትን ለውጥ ዘገቡ። ዮሃንሰንና ሊንዴ በ1925 በኤክስሬይ እንዳሳዩት፣ ተዘበራርቀው የነበሩት የሁለቱ ብረቶች አቶሞች በዚያ ጊዜ ተራ ይዘው ይሰለፋሉ። የጥርስ ቴክኒሻኑ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ቀጥቃጭ የጋለ ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲነክር ብረቱ ይጠነክራል፤ የጋለ የወርቅ ክራውን ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ይለሰልሳል። ለማጠንከር መልሶ ከ350 እስከ 450 ዲግሪ ባለ ምድጃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። እንግዲህ መዳብ ጌጥ አይደለም፣ ማጭበርበሪያም አይደለም። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው፤ ስንትነቱ ደግሞ በምን ይቆጠር?

አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ በሚዛን እኩል ናቸው። በመሬት ላይ ቢበተኑ ግን የትኛው ሰፊ ቦታ እንደሚሸፍን ጤፍ ለቅማ የምታውቅ ሴት ሁሉ ትነግረናለች። የወርቅ አቶም 197፣ የብር 108፣ የፓላዲየም 106፣ የመዳብ 63.5 ይመዝናል። ከአንድ ግራም መዳብ የሚገኘው አቶም ከአንድ ግራም ወርቅ ከሚገኘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሦስተኛው ዓይነት አብነት ተደርጎ የሚቀርበውን ቅይጥ ክፍልፋዮቹን ትቼ ልውሰድ፤ 75 ወርቅ፣ 11 ብር፣ 10 መዳብ፣ 4 ፓላዲየም። እያንዳንዱን ለአቶሙ ክብደት አካፍሎ መደመር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሥራ ነው። ውጤቱ ወርቅ 56፣ ፓላዲየም 6 ገደማ፣ ብር 15፣ መዳብ 23 በመቶ ይሆናል። በሚዛን አንድ ዐሥረኛ የነበረው መዳብ በቁጥር ወደ ሩብ ተጠጋ። ያም ሆኖ ክቡራኑ 62 በመቶ ናቸው። ይህ ጥሩ ቅይጥ ነው፤ ጥሩነቱ ግን ከ75ቱ ሳይሆን ከ62ቱ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ጉስታቭ ታማን በ1861 በሩሲያ ግዛት ተወልዶ፣ በዶርፓት ተምሮና አስተምሮ፣ ከ1903 ጀምሮ በጎቲንገን የሠራ ኬሚስት ነው፤ በ1938 ዐርፏል። በ1919 በጀርመንኛው የኢንኦርጋኒክና የጠቅላላ ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ከ200 ገጽ በላይ የሆነ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እንዲህ የረዘመ ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት እንደሆነ ይገባኛል፤ ይቅርታ የማደርገው ግን ለተማሪ እንጂ መለኪያ ለሚያወጣ ማኅበር አይደለም። ታማን ያደረገው ነገር በአሠራሩ ቀላል ነው። ወርቅን ከብር፣ ወርቅን ከመዳብ በተለያየ መጠን እየቀየጠ፣ ደረጃ በደረጃ ወርቁን እያበዛ፣ እያንዳንዱን በተለያዩ አጥቂ ፈሳሾች ውስጥ አኖረ። የጠበቀው ምን እንደሆነ አናውቅም እንጂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ወርቁ በበዛ ቁጥር ጉዳቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል ብሎ በገመተ ነበር። ያገኘው ግን ደፍ ነው። ከአንድ መጠን በታች ፈሳሹ ብሩን ወይም መዳቡን እያጠበ ያወጣል፤ ከዚያ መጠን በላይ ቅይጡ ንጹሕ ወርቅ ይመስል ይቆማል። ደፉ የሚገኘው በክብደት ሲቆጠር አይደለም። በአቶም ሲቆጠር በስምንተኛ እጆች ላይ ያርፋል። ለደካማ አጥቂ 1/8 ወይም 2/8፣ እንደ ናይትሪክ አሲድ ላለ ኃይለኛ አጥቂ 4/8፤ ማለትም ግማሽ።

«የታማን ግማሽ» የምለው ይህንን ነው። በጥርስ መጻሕፍት ውስጥ ከቅይጡ አቶሞች ቢያንስ ግማሹ ክቡር ይሁን የሚል ምክር አለ፤ አምራቾችም ይጠቀሙበታል ይባላል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከአንድ ገጽ በኋላ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የ1984ቱ የክብደት መደብ በሰንጠረዥ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ሁለቱ እንደማይስማሙ ማንም አያነሣውም።

ታማን ያገኘውን አንጥረኛ ከእሱ በፊት ያውቀው ነበር፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ነው። ወርቅ ፈታሾች ወርቅን ከብር በአሲድ ለመለየት ሲፈልጉ መጀመሪያ ወርቁ ላይ ብር ይጨምሩበታል፤ ወርቁ ከጠቅላላው ሩብ እስኪሆን ድረስ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ብርን ሊያወጡ ብር ይጨምራሉ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ወርቁ ከበዛ አሲዱ ወደ ውስጥ መንገድ አያገኝም። በፈተና ድንጋዩም ላይ ያው ነው። ወርቅ ሠሪው ጌጡን በጥቁር ድንጋይ ላይ ያሸዋል፣ ቢጫ መስመር ይቀራል፣ አንዲት ጠብታ አሲድ ይጥልበታል። ዝቅተኛው ካራት ዐይኑ እያየ ይጠፋል፣ 18 ካራት ንቅንቅ አይልም። 18 ካራት በክብደት 75 በመቶ ነው። የተቀየጠው ከመዳብ ብቻ ቢሆን የወርቁ አቶሞች 49 በመቶ ናቸው፤ የታማን ግማሽ በደጃፉ። ከብር ብቻ ቢሆን 62 በመቶ ይሆናሉ። ወደ 14 ካራት ብንወርድ ከብር ጋር 43፣ ከመዳብ ጋር 31 በመቶ ነው። በማኅተሙ ላይ አንድ የሆኑት ሁለት ጌጦች በአሲዱ ፊት የማይተዋወቁ ናቸው። ወርቅ ሠሪው ካራት ብሎ በሚዛን ይናገራል፣ በድንጋዩ ላይ ግን አቶም ይቆጥራል፤ ራሱ አያውቀውም እንጂ።

ይህንን ይዘን የ1984ቱን መደብ እንፈትን። ሁለት ቅይጦች ላቅርብ። አንደኛው 40 ወርቅ፣ 20 ፓላዲየም፣ 40 ብር። ሁለተኛው 58 ወርቅ፣ 2 ፓላዲየም፣ 25 ብር፣ 15 መዳብ። የሁለቱም ክቡር ክብደት ልክ 60 በመቶ ነው፤ ሁለቱም «ከፍተኛ ክቡር» ናቸው። ሁለተኛው ወርቁ ስለሚበዛ ቢጫው ይደምቃል፣ ዋጋውም በአብዛኛው ዘመን ይበልጣል፣ ታካሚም ይመርጠዋል። በአቶም ሲቆጠሩ ግን የአንደኛው ክቡራን 51 በመቶ፣ የሁለተኛው 40 በመቶ ናቸው። አንዱ ከደፉ በላይ፣ ሌላው ከደፉ በታች። በሁለተኛው ውስጥ መዳብ ብቻውን 30 በመቶ አቶም ይዟል፤ የወረቀቱ 15 በመቶ እጥፍ። በዚህ ስሌት ወርቁ ቢያንስ 40 በመቶ ይሁን የሚለው አንቀጽ ለመከላከያው የሚጨምረው የለም፤ እንዲያውም ከባዱን አቶም እየሸለመ ቀላሉን ክቡር፣ ፓላዲየምን፣ ይቀጣል። አንድ ግራም ፓላዲየም ከአንድ ግራም ወርቅ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ የጠባቂ አቶም ይዞ ይመጣል። በክብደት ውስጥ ጥበቃን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ለምን ክብደትን መረጠ? መልሱ ኬሚስትሪ ውስጥ ሳይሆን ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከ1934 ጀምሮ በአንድ አውንስ 35 ዶላር ላይ ተቸንክሮ የነበረው የወርቅ ይፋዊ ዋጋ፣ ኒክሰን በነሐሴ 1971 ዶላርን ከወርቅ ካላቀቀ በኋላ ተፈታ። በጥር 1980 ዋጋው 850 ዶላር ደረሰ። ላቦራቶሪዎች ወርቁን መቀነስ፣ ፓላዲየምና ብር መጨመር፣ ኒኬልና ክሮሚየም መሞከር ጀመሩ። የመድን ድርጅቶች ምን ያህል እንደሚከፍሉ ለማወቅ መደብ አስፈለጋቸው። ዛሬም የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና የክፍያ ኮዶች ክራውንን በእነዚሁ ሦስት መደቦች ለይተው ያስከፍላሉ። ወርቅ የሚገዛው በክብደት ነውና ለሒሳብ ሠራተኛ ክብደት ተገቢው መለኪያ ነው። ስህተቱ የመጣው የደረሰኙ ቋንቋ ወደ ሳይንሱ መጽሐፍ ሲገባ ነው። ይህን ስል የማኅበሩን ቅን ልቡና አልጠራጠርም፤ በጊዜው አስቸኳይ ነገር ነበር።

ተቃውሞዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ታማን ተሳስቶ ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፣ ስምንተኛ እጆቹን ያስረዳው አቶሞቹ በክሪስታሉ ውስጥ በሥርዓት ተደልድለው እንደሚቀመጡ በማሰብ ነበር፤ የወርቅና የብር ቅይጥ ግን የተዘበራረቀ ነው። ይሁን። ማብራሪያው ወድቋል፣ መለኪያው አልወደቀም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲየራድስኪና ባልደረቦቹ ነገሩን በሌላ መንገድ አስረዱት። ተራ አቶሞቹ ከበዙ እርስ በርስ ተነካክተው ከላይ እስከ ውስጥ ያልተቋረጠ መንገድ ይሠራሉ፤ አሲዱ በዚያ መንገድ ይገባል። ካነሱ በወርቅ ተከበው ይቀራሉ። ኤርለባከርና ባልደረቦቹ በ2001 ከደፉ በታች ካለ ቅይጥ ላይ ብሩ ሲታጠብ የሚቀረው ወርቅ እንዴት ስፖንጅ እንደሚሆን አሳዩ። ይህ ሁሉ ስለ ቁጥር ነው፤ በመካከሉ ግራም የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው፣ አፍ ናይትሪክ አሲድ አይደለም የሚል ነው። አይደለም። ግን ጨው አለበት፣ ባክቴሪያ አለበት፣ ድኝም አለበት። የብር ማንኪያ እንቁላል ሲነካ እንደሚጠቁር ሁሉም ያውቃል። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ለሰዓታት በተቁላላበት፣ እንቁላልም በገባበት ዶሮ ወጥ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለ ድኝ ማስረጃ አያሻውም። ለጥንቃቄ ያህል፣ አጥቂው ደካማ ሲሆን ደፉ ዝቅ ሊል እንደሚችል ራሱ ታማን ጽፏል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ይወስደናል፤ ጃፓን። እዚያ በብሔራዊ የጤና መድን የሚከፈልለት የክራውን ቅይጥ 12 በመቶ ወርቅ፣ 20 በመቶ ፓላዲየም፣ ግማሽ ያህል ብርና የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለአሥርተ ዓመታት በሚሊዮኖች አፍ ውስጥ ኖሯል። በአቶም ሲቆጠር ወርቁ 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ታዲያ ግማሹ የት ገባ? እላለሁ፦ ክቡራኑን ደምሩ። ወርቁና ፓላዲየሙ አንድ ላይ 25 በመቶ ናቸው። 2/8። ታማን ለደካማ አጥቂ ካስቀመጣቸው ደፎች አንዱ ላይ ሚዛን ጠብቆ የቆመ ቅይጥ ነው። ብዙ ብረቶች ያሉበትን ቅይጥ በሁለት ብረት ሕግ መዳኘት ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አልክድም። ፓላዲየም ብርን ከድኝ በተለየ መንገድ እንደሚጠብቅም ይታወቃል። ይሁንና ጃፓን ተቃዋሚ ምስክር ሆና ብትጠራ የምትመሰክረው ለእኔ ነው።

ኒኬልና ክሮሚየም፣ ኮባልትና ክሮሚየም እዚህ ክርክር ውስጥ አይገቡም። እነዚያ የሚጠበቁት በክቡርነት ሳይሆን ላያቸው ላይ በሚሠሩት ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ሲላላ ምን እንደሚሆን ኒኬል የሚያሳክካቸው ሰዎች ይናገሩ።

ሐሳቤ ከጥናት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አንባቢ ቢያውቅ መልካም ነው። ከላይ ሁለተኛው ያልኩት ቅይጥ፣ 58፣ 2፣ 25፣ 15፣ ለዓመታት በእኔው የታችኛው መንጋጋ ላይ የነበረው ክራውን ነው፤ ቁጥሮቹን ያገኘሁት አብሮት ከመጣው ወረቀት ላይ ነው። የሠራውን ቤት ስም አልጠራም። በድዱ ጠርዝ፣ ብሩሽ በማይደርስበት በኩል፣ ቡናማ ቀለበት አበጀ። ሐኪሙ በዱቄት ሲያሸው ይጠፋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። በመጨረሻ ሥሩ ታምሞ ክራውኑ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲወጣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። የውስጡ ፊት፣ ሲሚንቶ የሸፈነው፣ እንደተሠራበት ቀን ቢጫ ነበር። የውጭው በጠርዙ ላይ የቆየ የመዳብ ጀበና ይመስላል።

አንዱን ግማሽ ፒያሳ ላሉ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩላቸው፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አገላበጡት፣ ቅርጹ ምን እንደሆነ ስለገባቸው ፈገግ አሉ፣ በድንጋዩ ላይ አሹትና ጠብታውን ጣሉበት። መስመሩ ወዲያው አልጠፋም፤ ጫፉ ላይ መደብዘዝ ጀመረ፣ ቀስ እያለ ወደ መካከል ገባ። ከጎኑ ያሰመሩት የ18 ካራት መስመር እንዳለ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይኼ 14 ነው» አሉኝ ድንጋዩን በጨርቅ እየጠረጉ። «18 ነው ብለው ሸጠውልዎ ከሆነ ይመልሱላቸው።»

18 ነው አላሉኝም። ወረቀቱ ላይ ያለው «ከፍተኛ ክቡር» የሚል ነው።